ከቀብድ በፊት ቤቱን እናስመርምር

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ለሰው ልጅ ኑሮ መሠረታውያን መሆናቸውን ከታችኛው ክፍል ጀምረን እናስተምራለን። ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ይቀመጡ እንጂ ጉዳታቸው እኩል አይደለም። ወጥ ቢበላሽ የአንድ ቀን ነገር ነው። ሸሚዝ ቢቀደድ ይሰፋል። ቤት ሲበላሽ ግን የስንት ዓመት ቁጠባና ዕቁብ አብሮ ይፈርሳል።

ነገሩ ይህ ሆኖ ሳለ የግዥ ልማዳችንን ብንመለከት የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፣ የጫንቃውን ቁስል በእጁ ይዳስሳል። ከሁሉም በላይ ከብት የሚያውቅ ጎረቤት ሳይዝ ገበያ አይወጣም። ቤት የሚገዛው የተማረ ሰው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከደላላ ጋር ገብቶ፣ ሦስቱን ክፍል ዞሮ፣ የግድግዳውን ቀለም አድንቆ ቀብድ ሲከፍል ይታያል። ስለ በሬ የሚደረገው ጥንቃቄ ስለ ቤት ለምን ይቀራል?

ይህ ጉዳይ እኛን መምህራንንና እጩ መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል። ከኮሌጅ የሚወጣ መምህር ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ወምበርማ ወይም ወደ ሰከላ ይመደባል። ጥቂት ዓመት በኪራይ ይኖራል። ከዚያም የዕቁብ ብሩን፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩን ብድርና የቤተ ሰብ እርዳታ አሰባስቦ በአቅራቢያው ከተማ አንዲት ቤት ለመግዛት ይነሣል። ይህ ገንዘብ ሁለተኛ አይገኝም። ነጋዴ ቢከስር በሌላ ዕቃ ያካክሳል፤ ደመወዝተኛ ግን ብድሩን እየከፈለ በሚፈርስ ቤት ውስጥ ይኖራል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ቤት ከመግዛት በፊት በባለሙያ ማስመርመር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ መቼ መደረግ እንዳለበትና ምን ምን መታየት እንደሚገባው እናብራራለን።

ምርመራ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሌሎች አገሮች ቤት መመርመር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። መርማሪው ቤቱን ከጣሪያ እስከ መሠረት ያያል፣ የመብራቱንና የውሃውን መስመር ይፈትሻል፣ ያገኘውንም ጽፎ ለገዥው ይሰጣል። ዋጋ አይተምንም፣ አያደራድርም፣ ጥገናውንም ራሱ አይሠራም። ሥራው ያየውን እውነት መናገር ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ በዚህ ስም የሚጠራ ሙያ አልተለመደም። ሙያው የለም ማለት ግን ዕውቀቱ የለም ማለት አይደለም፤ ዕውቀቱ በተለያዩ ሰዎች እጅ ተበታትኖ ይገኛል። መሠረትና ግድግዳ ግንበኛ ያውቃል። ጣሪያና እንጨት አናጢ ያውቃል። የመብራት መስመር የኤሌትሪክ ሠራተኛ ያውቃል። ፎቅ ወይም የኮንክሪት ምሰሶ ያለው ቤት ከሆነ መሐንዲስ ያስፈልጋል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግንባታ የሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቻችንም አሉ። የሰነዱን ነገር የሚያውቀው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ይዞ መሄድ የጥቂት ቀን የሙያ ዋጋ ያስወጣል። ወጪው ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን የሚጠቀስ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ባለሙያውን የሚያመጣው ገዥው ራሱ መሆን አለበት። ደላላው «እኔ የማውቀው ጎበዝ ግንበኛ አለ» ካለ አመስግኖ ሌላ መፈለግ ነው፤ ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና። ሁለተኛ፣ ባንክ ለብድር ሲል መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ሲያስገምት «ባንኩ አይቶታል እኮ» ብሎ መዘናጋት አይገባም። የባንኩ ግምት ለባንኩ ነው። ቤቱ ብድሩን ይሸፍናል ወይ የሚለውን እንጂ የጓዳው ቋሚ በምስጥ ተበልቷል ወይ የሚለውን አይመልስም።

ለምን ከቀብድ በፊት?

«ቀብዱን ከፍለን በኋላ እናስመረምራለን» የሚሉ አሉ። ይህ ትልቅ አደጋ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚያዝዘው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው የሰጠው ቀብድ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ የተቀበለውን አጠፌታ ይመልሳል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መምህር 60,000 ብር ቀብድ ከፍሎ በማግስቱ ግንበኛ ይዞ ሄደ እንበል። ግንበኛው «ይኼ ቤት መሠረቱ ወርዷል፣ አይሆንህም» ቢለው መምህሩ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀሩታል። ወይ 60,000 ብሩን ትቶ ይወጣል፣ ወይ ጉድለቱን እያወቀ ይገዛል። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ ግን የሚያጣው የግንበኛውን የቀን ዋጋ ብቻ ነበር። ቀብዱ የግድ ቀድሞ መከፈል ካለበትም «በባለሙያ ተመርምሮ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ይግባበት።

ሕጉ ለገዥ ምንም አያደርግም ማለት ግን አይደለም። በቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል። ነገር ግን ገዥው እያወቀ ለገዛው፣ ወይም በግልጽ እየታየ በከባድ ቸልተኝነት ላላየው ጉድለት ሻጩን መጠየቅ አይችልም። ጉድለቱን ያገኘ ገዥም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይገባዋል። ፍርድ ቤት መመላለስ ደግሞ ጊዜና ጠበቃ ይጠይቃል። በወምበርማ ገጠር የሚያስተምር መምህር በየቀጠሮው ክፍሉን ጥሎ መሄድ ይችላል? አይችልም። አባቶቻችን «አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ በኋላ ድስት ጥዶ ከማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው።

መሬቱና ውሃው

ምርመራ ከግድግዳ አይጀምርም፣ ከመሬት ነው። በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈርም ጥቁር አፈርም አለ። ቀይ አፈር በአብዛኛው ውሃ ያሳልፋል፣ ቤትም ደኅና አድርጎ ይሸከማል። ጥቁሩ አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለው ቤትም በየዓመቱ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ አፈር ላይ መሠረቱ በጥልቀት ካልተቆፈረ ግድግዳው ሳይሰነጠቅ አይቀርም። አፈሩን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጓሮ በኩል አንድ ክንድ ቆፍሮ ማየት ወይም በጎረቤት የተቆፈረውን የሽንት ቤት ጉድጓድ መመልከት ይበቃል።

ከአፈሩ ቀጥሎ የውሃው መንገድ ይታያል። በአካባቢያችን የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ቤቱ ዳገት ሥር ነው? ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በየት ያልፋል? የጎረቤት ቦይ ወዴት ይፈስሳል? እነዚህን ሻጩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤትን መጠየቅ ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፉ እናት ደጃፋቸው ላይ ካሉ «እማማ፣ ነሐሴ ላይ ይህ ግቢ ውሃ ይገባዋል?» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ሰው ደላላ የማይነግረውን ይሰማል።

የውሃውን መጠን በቀላል ሂሳብ ማየት እንችላለን። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 48 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከባድ የክረምት ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 48 ጊዜ 50፣ ማለት 2,400 ሊትር ይሆናል። ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢሰፈር 12 በርሜል ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ የሚወርደው በግድግዳው ሥር ነው። ስለዚህ አሸንዳ መኖሩን፣ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ መኖሩን፣ የግቢው መሬትም ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበሉን ማየት ነው።

ከተቻለ ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ እየዘነበ ማየት ከሁሉ ይበልጣል። በበጋ የሚገዛ ሰው ግን የክረምቱን ፈለግ ይፈልግ። በግድግዳው ግርጌ ላይ ያለ የእርጥበት መስመር፣ የተላላጠ ልስን፣ ነጭ የጨው ዱቄት የመሰለ ነገር፣ ቤቱ ተዘግቶ ሲከፈት የሚሸት ሻጋታ ሁሉም ይናገራሉ። በተለይ ከታች ግማሽ ሜትር ያህሉ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካለ «ለምን እዚህ ብቻ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ግድግዳውና መሠረቱ

ስንጥቅ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ጭቃም ሆነ ሲሚንቶ ሲደርቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ በልስን ይደፈናል። የሚያሠጋው ሌላው ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ አግድም ሽቅብ የሚሄድ፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወጣ፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ ስንጥቅ መሠረቱ በአንድ በኩል መውረዱን ያመለክታል። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም በውስጥም በውጭም በአንድ ቦታ ከታየ፣ ያለ ግንበኛ ቃል አንድ እርምጃ መሄድ አይገባም። በሮችና መስኮቶች መዝጋት እምቢ ካሉ፣ ወይም የበሩ ጫፍ ደጋግሞ ከተላገ፣ ያውም ምልክት ነው።

ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚለው የታወቀ ነው። «ልጄ፣ ይችን ስንጥቅ አትያት፤ ጭቃው ሲደርቅ ያመጣት ናት፣ ቀለም ሲቀባ ትጠፋለች» ይላል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ሰውን በሐሰት ሳንጠረጥር እውነቱን የምንለይበት ዘዴ አለ። በስንጥቁ ላይ ተሻግሮ የሚያልፍ ቀጭን ወረቀት በሁለቱም ጫፍ በደንብ ይለጠፋል፤ ቀኑም ይጻፍበታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ከተቀደደ ስንጥቁ ገና በመንቀሳቀስ ላይ ነው። ካልተቀደደ ስንጥቁ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ በጥቁር አፈር ላይ ግን አንድ ወቅት ብቻ ታይቶ መፍረድ አይቻልም።

የግድግዳ መዝመም የሚለካው በቱምቢ ነው። ቱምቢ ባይገኝ ክር ላይ ድንጋይ ማሠር ይበቃል፤ የመሬት ስበት ለሁሉም እኩል ነውና። ከ2 ሜትር ከፍታ ክሩን አውርዶ በላይና በታች ከግድግዳው ያለውን ርቀት በማስመሪያ መለካት ነው። ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከደረሰ ግንበኛው በልዩ ጥንቃቄ ይመልከተው። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ደግሞ በዱላ እየመቱ መሄድ ይጠቅማል። ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ከሥሩ አፈሩ ሰምጧል ማለት ይሆናል።

ምስጥና ነቀዝ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ብዙው ቤት የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ቋሚውም ማገሩም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ያድጋል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ዋጋውም ይቀምሳል። ነገር ግን ሳይደርቅና ሳይታከም መሬት ውስጥ ከተተከለ ምስጥ ይበላዋል። የጥድና የወይራ እንጨት ምስጥን በተሻለ ይቋቋማል። የድሮ ቤት በእነዚህ የተሠራ እንደ ሆነ ዕድሜው ብቻ አያስፈራም፤ እንዲያውም ከአዲሱ ሊሻል ይችላል።

ምስጥ ከውጭ አይታይም፤ እንጨቱን የሚበላው ከውስጥ ነው። ቢሆንም ምልክት ይተዋል። በግድግዳው ግርጌ ወይም በቋሚው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል የሆነ የጭቃ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ከታየ ይህ የምስጥ መንገድ ነው። አናጢው የቋሚውን ሥር በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጎ ይሞክር። ጫፉ በቀላሉ ከሰመጠ እንጨቱ አልቋል። በመዶሻ ሲመታ ጤነኛ እንጨት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። በወለሉ ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ እንጨት ከተገኘ ደግሞ ነቀዝ መኖሩን ያሳያል። በግቢው ወይም በአጥሩ አካባቢ ኩይሳ ካለም ልብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግንበኛውና አናጢው ሊያዩት የሚገባው ዋና ነገር ቋሚዎቹ የቆሙበት ሁኔታ ነው። ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው። ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ፣ ወይም ሥሩ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ከተተከለ ይሻላል። አንድ ሁለት ቋሚ መቀየር ቀላል ጥገና ነው። የግድግዳው ቋሚ ሁሉ ከተበላ ግን ቤት ሳይሆን ቆርቆሮ እየገዛን መሆኑን እንወቅ።

ጣሪያው

ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ኮርኒስ በሌለበት ክፍል ቀና ብሎ መመልከት የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። ብርሃን የሚገባባት ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ታስገባለች። ኮርኒስ ካለ ቢጫ ወይም ቡናማ ክብ ምልክት ይፈለግ። ቀጥሎ አናጢው መሰላል ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ይግባ። ቆርቆሮው ዝጓል? ምስማሩ ላልቷል? እንጨቱ ከመሐል ጎብጧል? ጣሪያውና ግድግዳው በደንብ ታስረዋል? በበልግ የሚነሣው ነፋስ ያልታሰረ ቆርቆሮ ይገነጥላልና። ደላላ «ጣሪያው አዲስ ነው» ሲል ቆርቆሮው አዲስ ሆኖ ከሥሩ ያለው እንጨት አሮጌ ሊሆን እንደሚችል አይዘንጋ።

መብራት፣ ውሃና ሽንት ቤት

የመብራት ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአገራችን የቤት መስመር ኃይል 220 ቮልት በመሆኑ ይገድላል። የኤሌትሪክ ሠራተኛው የሽቦውን ውፍረት፣ መሬት ሽቦ መኖሩን፣ ሶኬቶቹ መጥቆራቸውን ወይም መሞቃቸውን ይመልከት። ምጣድ የሚሠራበት ሶኬት ለምጣድ የሚሆን ሽቦ አለው ወይ? በቀጭን የአምፖል ሽቦ ላይ የእንጀራ ምጣድ መቀጠል ለቃጠሎ መንገድ ነው። አንድ ቀላል ፈተናም አለ። በቤቱ ያለውን መብራትና ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ ቆጣሪውን ማየት ነው። አሁንም የሚቆጥር ከሆነ ወይ መስመሩ ያፈስሳል፣ ወይ ከዚያ ቆጣሪ የሚጠቀም ሌላ ቤት አለ። የውሃ ቆጣሪም ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ እንዲሁ ይሞከራል። ያልተከፈለ የመብራትና የውሃ ሂሳብ መኖሩም ይጠየቅ።

ግቢው ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ካለ ከሽንት ቤቱ ያለው ርቀት ይለካ። 30 ሜትር ያህል ቢራራቁ ይመረጣል፤ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ በታች በኩል መሆን አለበት። በጠባብ ግቢ ይህን ማግኘት ያስቸግራል፤ የጎረቤት ሽንት ቤትም በአጥር ማዶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ያ ውሃ ለልብስ አጠባ እንጂ ለልጆች መጠጥ አይታሰብ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ እንደ ሆነ፣ አፉም በምን እንደ ተሸፈነ ማየት ያስፈልጋል። የበሰበሰ እንጨት የተረበረበበት ጉድጓድ ሕፃን ይውጣል።

ከግድግዳው በፊት ካርታው

ቤቱ ያማረ ቢሆንም የሚሸጠው ሰው የመሸጥ መብት ከሌለው ምርመራው ሁሉ ከንቱ ነው። በአገራችን መሬት የግል ሸቀጥ አይደለም። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከግል ባለቤትነት ወጥተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የምንገዛው ቤቱን ነው፤ ከቤቱ ጋርም በሕግ የተሰጠው የቦታ መጠቀም መብት ይተላለፋል።

ከዚህ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይመነጫሉ።

1. ካርታውን በሻጩ እጅ ካለው ቅጂ ብቻ አለማመን። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ከማኅደሩ ጋር ማስተያየት፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም በጽሑፍ መጠየቅ።

2. ቦታውን በሜትር መለካት። ካርታው 200 ካሬ ሜትር ብሎ አጥሩ 260 ካሬ ሜትር ካቀፈ ትርፉ 60 የሻጩ አይደለም። ነገ መንገድ ሲከፈት ይወሰዳል።

3. ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ በሊዝ የተያዘ? በሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው?

4. ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ አለ? ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ በፍርድ ቤት ተረጋግጠው ተስማምተዋል?

5. ቤቱ የቀበሌ ቤት እንዳይሆን መጣራት አለበት። ተከራይ የመንግሥትን ቤት መሸጥ አይችልም።

6. በከተማ ዳር በእርሻ መሬት ላይ ከተሠራ የጨረቃ ቤት መራቅ። ፍኖተ ሰላምም ሆነ በ2013 ዓ.ም. የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀላት ቡሬ በሚሰፉበት አቅጣጫ ሁሉ «ቦታው በቅርቡ ካርታ ይወጣለታል» የሚል ወሬ ሊሰማ ይችላል። በስጦታ ወይም በብድር ስም የተጻፈ የመሬት ሽያጭ በሕግ ፊት አይጸናም። ቤቱ ሲፈርስ ካሳ የሚጠየቅበት መሠረትም የለም።

በመጨረሻም ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2877 በጽሑፍ ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ፈራሽ ነው ይላል። ቁጥር 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በሰፈር ሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ለመተማመን ጥሩ ነው፤ ለሕግ ግን አይበቃም።

ውጤቱን ምን እናድርገው?

ምርመራው ሲያልቅ ባለሙያዎቹ ያዩትን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ጉድለቶቹን በሦስት ክፍል መመደብ ይጠቅማል። አንደኛው የሚታገሡት ነው፤ የተሰበረ መስታወት፣ የላላ መዝጊያ፣ የፈዘዘ ቀለም። ሁለተኛው በገንዘብ የሚጠገን ነው፤ አሸንዳ መትከል፣ ጥቂት ቆርቆሮና ቋሚ መቀየር፣ ሽቦ ማደስ። የዚህን ወጪ አናጢውና ግንበኛው አስልተው ይንገሩ፤ ገዥውም ይህን ይዞ ከዋጋው ላይ ይከራከር። ሦስተኛው የሚያስቀር ነው፤ የወረደ መሠረት፣ የተበላ የግድግዳ እንጨት በሙሉ፣ ጎርፍ የሚገባው ግቢ፣ የተበላሸ ሰነድ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ከተገኘ ቤቱ የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው።

መተው ደግሞ ከባድ ነው። ደላላው «ዛሬ ካልያዝከው ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ይላል። ባለቤት ወይም እናት «ኧረ ይህ ዕድል አያምልጠን» ትላለች። ሻጩም በባሕሪው ደግ ሰው ይሆንና ማሳፈር ይከብዳል። ቢሆንም ከልብ የሚሸጥ ሰው ባለሙያ መግባቱን አይቃወምም፤ «እሺ፣ ይምጣና ይይ» ይላል። ግንበኛ አይግባብኝ፣ ኮርኒስ አይከፈትብኝ፣ ማዘጋጃ ቤት አትሂዱ የሚል ሻጭ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አንድ ሳምንት ለመታገሥ ያልፈቀደ ገዥ አሥር ዓመት ሲጠግን ይኖራል።

ስለዚህ ሥራውን በኅብረት እናድርገው። አንድ ባልደረባ ቤት ሊገዛ ሲነሣ ብቻውን ከደላላ ጋር አይሂድ። የሂሳብ መምህሩ ቦታውን ይለካ፣ የፊዚክሱ ቱምቢውን ይዞ ይምጣ፣ የሥነ ዜጋው ውሉን ያንብብ፤ ግንበኛና አናጢ ደግሞ በዋጋቸው ይጠሩ። ከላይ የተዘረዘሩትንም እያንዳንዱ ገዥ በደብተሩ ገልብጦ ይያዝ፤ በየቤቱ ደጃፍም አንድ በአንድ እያየ ምልክት ያድርግበት። ሁሉም ምልክት ካገኘ በኋላ ብቻ እጅ ወደ ኪስ ይግባ።